የጀልባ ሞተርን የተሸከመው ሳንቃ ሲበሰብስ፦ ምልክቱ፣ ጥገናውና ጥንቃቄው

ከሚሴ፦ በሐይቅ ላይ ለሚሠራ ዓሣ አስጋሪ ከንብረቱ ሁሉ ውዱ ሞተሩ ነው። መረብ ቢቀደድ ይሰፋል፤ የጀልባ ገላ ቢበሳ ይለጠፋል። ሞተር ወደ ሐይቅ ወለል ከወረደ ግን የአንድ ማኅበር የዓመታት ቁጠባ አብሮት ይወርዳል። ይህን ሞተር የሚሸከመው ደግሞ በጀልባው የኋላ ጫፍ የቆመ፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት ያህል የሆነ የእንጨት ሳንቃ ነው። በአሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባዎች ላይ ብረቱ ገና ደህና ሆኖ ሳለ ቀድሞ የሚያልቀው ይኸው ሳንቃ ነው። በላሜራ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥም መበስበሱ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ይህ ጽሑፍ ሳንቃው ለምን እንደሚበሰብስ፣ መበስበሱ እንዴት እንደሚታወቅ፣ እንዴት እንደሚቀየርና ከተቀየረ በኋላ እንዴት ዕድሜው እንደሚረዝም ያብራራል።

ለአካባቢያችን ለምን ይጠቅማል?

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ የሐይቅ ከተማ አይደለችም። ውኃዋ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ነው። ሆኖም ከተማዋን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ ወደ ሰሜን ኮምቦልቻንና ደሴን አልፎ ወደ ሐይቅ ከተማ ያደርሳል። በዚያ የሐይቅ እና የአርዲቦ ሐይቆች ይገኛሉ። የሐይቅ ሐይቅ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ መሆኑ በጥናቶች ተመዝግቧል። ዛሬ ከሐይቁ በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ በ1971 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ዓሣ ነው። እንዲህ ባለ ጥልቅ ውኃ ውስጥ የወደቀን ሞተር ፈልጎ ማውጣት ከባድ ነው።

በክልሉ ትልቁ የዓሣ ሥራ የሚካሄደው በጣና ነው። በጣና ለዘመናት ያገለገለው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሲሆን፣ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በስፋት የገቡት በ1978 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው። ከዚያ ወዲህ የጀልባ ሞተር፣ መለዋወጫና ጥገና የሐይቁ ዳርቻ ኑሮ አካል ሆነዋል።

ዕውቀቱ ለከሚሴ አናጺና ብረት ሠራተኛም ይጠቅማል። በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ እንጨትና ብረት ተጣብቀው ውኃ ሲያገኛቸው የሚደርሰው ጉዳት በጭነት መኪና የእንጨት ወለል፣ በጋሪ አልጋና ከብረት ጋር በተሠራ በር ላይም ይደርሳል። ችግሩ አንድ ስለሆነ መፍትሔውም ተመሳሳይ ነው።

ሳንቃው ምን ዓይነት ጫና ይሸከማል?

የሳንቃውን ሥራ ለመረዳት በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የበሬዎቹ ጉልበት በቀንበሩና በሞፈሩ በኩል አልፎ ወደ ማረሻው እንደሚደርስ ሁሉ፣ የሞተሩ ጉልበትም ወደ ጀልባው የሚተላለፈው በዚህ ሳንቃ በኩል ብቻ ነው። ሞፈር ሲሰበር በሬዎቹ ደህና ቢሆኑም እርሻው ይቆማል።

15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እንደ ሥሪቱ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ደግሞ ከ70 እስከ 100 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ጫናው ግን ክብደት ብቻ አይደለም። ፕሮፔለሩ ከሳንቃው አናት በግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ ውኃ ውስጥ ይሽከረከራል። ወደፊት ሲገፋ የሞተሩ ማቀፊያ የሳንቃውን ታችኛ ክፍል ወደፊት ይጫነዋል፤ አናቱን ደግሞ ወደኋላ ይስበዋል። ማዕበል ጀልባውን ባነሣና በጣለ ቁጥር፣ ጀልባው በመኪና ተጭኖ በጎርባጣ መንገድ በተጓዘ ቁጥርም ይኸው ጉተታ ይደጋገማል። በጣና ላይ እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ በድንገት ይያዛል፤ ድንጋጤው የሚያርፈው በሳንቃው ላይ ነው።

የአሉሚኒየሙ ላሜራ ብቻውን ይህን ጫና አይችልም። አሉሚኒየም ክብደቱ ከብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ለጀልባ ተመራጭ ቢሆንም፣ ስስ ላሜራው በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጀልባ ሠሪዎች በላሜራው ላይ ወፍራም እንጨት ይደግፉበታል።

ለምን ይበሰብሳል?

እንጨት የሚበሰብሰው ውኃ ስለነካው ብቻ አይደለም። የሚበላው ፈንገስ ነው፤ ፈንገሱ ለመኖር እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ ሊያድግ አይችልም። አርሶ አደሩ በቆሎውን በደንብ ሳያደርቅ ወደ ጎተራ የማያስገባበት ምክንያት ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ በዝግ ቦታ የታፈነ እርጥበት የሻጋታ ቤት ነው።

የጀልባው ሳንቃ ያለበት ቦታ እንደዚህ ያለ ነው። ውኃ በቡሎን ቀዳዳዎች፣ በአናቱ ክፍት ጠርዝና ከሁሉ በላይ ከታች ባለው የውኃ ማስወጫ ቀዳዳ በኩል ይገባል። ከገባ በኋላ ላሜራው ስለሚሸፍነው ፀሐይና ነፋስ አያገኘውም። ስለሆነም ብስባሹ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ባለቤቱ የሚያየው አናት ደህና መስሎ ይቆያል።

እርጥብ እንጨት ብረቱንም ይጎዳል። አሉሚኒየም በአየር ውስጥ ራሱን የሚከላከልበት ስስ ሽፋን ያበጃል። እርጥብ እንጨት ለረጅም ጊዜ ሲጣበቅበት ግን ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገትና ጥቃቅን ጉድጓድ ይፈጠራል።

መበስበሱ እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያው ፍተሻ በእጅ ነው። ጀልባው መሬት ላይ በደንብ ከተደገፈ በኋላ የሞተሩን የታችኛ እግር ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት ያስፈልጋል። ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ሳንቃው አብሮ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ወይም ላሜራው ሲሞረሞርና ሲንጣጣ የሚሰማ ከሆነ ችግር አለ።

ሁለተኛው በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ነው። ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰ እንጨት ድምፁ የታፈነ ነው። ሦስተኛው ወስፌ ወይም ቀጭን ጠመንጃ መፍቻ በተከፈተ ጠርዝና በቡሎን ቀዳዳ ውስጥ መውጋት ነው። ያለ ኃይል የሚገባ ከሆነ እንጨቱ አልቋል።

አራተኛውና እርግጠኛው በውስጥ በኩል በታችኛው ክፍል ላይ በቀጭን ትራፓኖ መብሳት ነው። የሚወጣው ፍቅፋቂ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ሳንቃው ደህና ነው። ጥቁር፣ እርጥብና ጭቃ መሰል ከሆነ ወይም ውኃ ከወጣ መቀየር አለበት። ከዚህ ሌላ የሞተሩ ማጥበቂያ ብሎኖች በየጊዜው መላላታቸውና በእንጨቱ ውስጥ እየሰመጡ መሄዳቸው ቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው። ብዙዎች ብሎኑን እያጠበቁ ሥራ ይቀጥላሉ። ማጥበቁ ግን የበሰበሰውን እንጨት የበለጠ ከመጭመቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከመጀመር በፊት

ለጥገናው ደረቅ ወቅት ይመረጣል። በክረምት አዲሱ እንጨት በቂ ድርቀት አያገኝም፤ ማጣበቂያውም በአግባቡ አይዝም። በሌላ በኩል የዓሣ ፍላጎት በጾም ወራት ስለሚጨምር ጀልባን ያኔ ማቆም ገቢን ያስቀራል። ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ጀምሮ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ ለሁለቱም ይስማማል።

ሥራው ሲጀመር የቤንዚን ታንከሩና ባትሪው ከጀልባው መውጣት አለባቸው። የቤንዚን ትነት በጀልባ ወለል ላይ ስለሚተኛ አንድ የብልጭታ ፍንጣሪ ለአደጋ ይበቃል። በብዙ ጀልባዎች መቀመጫ ሥር ለተንሳፋፊነት የተሞላው ፎምም በቀላሉ የሚቀጣጠልና መርዛማ ጭስ ያለው ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ብየዳን ይመለከታል። በየከተማው ያለው የተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ለብረት የተዘጋጀ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚቀልጥ ሲሆን፣ ለመበየድ የአርጎን ጋዝና ልዩ መሣሪያ ያስፈልገዋል። መሣሪያውና ልምዱ በሌለበት ቦታ በሪቬትና በቡሎን መሥራት ይሻላል። ብዙዎቹ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባዎች ሲሠሩም የተያያዙት በሪቬት ነው።

አሮጌውን ማውጣት

ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የሳንቃው አናት ከጀልባው ወለል በታች እስካለው ጠርዝ ድረስ ያለው ቁመት ተለክቶ ይመዝገብ። አጭር እግር ያላቸው ሞተሮች 38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅም እግር ያላቸው ደግሞ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ይፈልጋሉ። አዲሱ ሳንቃ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ዝቅ ካለ ማዕበል በኋላ በኩል ይገባል።

ከዚያ የአናቱ ሽፋንና የማዕዘን ደጋፊዎቹ ይፈታሉ። ሪቬት የሚነሣው ጭንቅላቱን በትራፓኖ በመብሳትና ቀሪውን በመምቻ በመግፋት ነው። በመሮ መቁረጥ ላሜራውን ይቀድዳል። የሚወጣው ዕቃ ሁሉ ከየት እንደወጣ እንዲታወቅ በስልክ ፎቶ ማንሣትና ምልክት ማድረግ ኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አሮጌው ሳንቃ ተፈረካክሶ ቢወጣም መጣል የለበትም። ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው ለአዲሱ ልክ ይሆናሉ። ውፍረቱም መለካት ያለበት ካበጠው ወይም ከተጨመቀው ሳይሆን ደህና ከቀረው ክፍል ነው። በተለመደው ሥሪት ውፍረቱ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

ባዶ የቀረው ላሜራ በንጹሕ ውኃና በብሩሽ ታጥቦ ነጩ ዱቄት ይነሣል፤ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ጥቃቅን ጉድጓድ ብቻ ከሆነ ሊሞላ ይችላል። ስንጥቅ ካለ የስንጥቁ ጫፍ እንዳይቀጥል በትንሽ ቀዳዳ ይቆማል፤ በላዩም የአሉሚኒየም ቁራጭ በሪቬትና በማሸጊያ ይለጠፋል።

የትኛው እንጨት ይሻላል?

ተመራጩ በውኃ የማይለቅ ማጣበቂያ ያለው ኮምፔንሳቶ ነው። ድርብርቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግረው ስለሚጣበቁ እንጨቱ እንደ ወጥ ጣውላ አይሰነጠቅም፤ አይጣመምምም። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሉሆች ሲጣበቁ የሚፈለገውን ውፍረት ያህል ይሰጣሉ።

በገበያ ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ ግን አብዛኛው ለቤት ውስጥ ዕቃ የተሠራ ነው። መልኩን አይቶ መለየት ስለማይቻል ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ከሉሁ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ ለአንድ ሰዓት ያህል በውኃ መቀቀል፣ ከዚያም ማድረቅ ነው። ድርብርቦቹ ከተላቀቁ ያ ሉህ ለጀልባ አይሆንም። በቁርጡ ጠርዝ ላይ ክፍተት የሚታይበት ኮምፔንሳቶም ውኃ ስለሚቋጥር መተው ይገባዋል።

ኮምፔንሳቶ ካልተገኘ በደንብ የደረቀ ወጥ ጣውላ መጠቀም ግድ ይሆናል። ዋንዛና ዝግባ ለአናጺ እጅ የሚመቹ ናቸው። ሆኖም ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የአበሻ ጥድና ኮሶ በአገሪቱ የደን ሕግ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ጥበቃ የተደረገላቸው በመሆናቸው የጣውላው ምንጭ ሕጋዊ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ እርጥቡ ከተሠራበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማልም።

ፈጽሞ መግባት የሌለበት በመዳብ ላይ በተመሠረተ ኬሚካል የታከመ እንጨት ነው። እንዲህ ያለው ሕክምና ለምሰሶና ለአጥር እንጨት ይውላል፤ እንጨቱንም ከምስጥና ከብስባሽ ይጠብቃል። ከአሉሚኒየም ጋር ሲጣበቅ ግን ጠላት ይሆናል። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ደካማው ይበላል። መዳብና አሉሚኒየም ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። እንጨቱ እንዳይበሰብስ ተብሎ የተደረገው ሕክምና ጀልባውን ይበሳዋል።

አዲሱን መሥራትና ማሸግ

ሁለቱ ሉሆች በኢፖክሲ ተቀብተው ይደራረባሉ፤ በሞርሴቶ ወይም በእኩል በተደረደረ ክብደት ተይዘው ቢያንስ ለአንድ ቀን ይቆያሉ። ኢፖክሲ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ፣ በሙቀት ደግሞ በፍጥነት ይደርቃል። በከሚሴ ዓይነት ሞቃት አየር ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ከተበጠበጠ በዕቃው ውስጥ ሳለ ይጠነክራል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያሉ መበጥበጥ ይመከራል።

ሳንቃው በአሮጌው ልክ ከተቆረጠ በኋላ ሳይቀባ በቦታው ተገጥሞ ይሞከራል፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹም ያኔ ምልክት ይደረግባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቀጣዩ እርምጃ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቡሎኑ ውፍረት ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፣ በኢፖክሲ ይሞላል፣ ከደረቀ በኋላ በትክክለኛው ልክ እንደገና ይበሳል። በዚህ መንገድ ቡሎኑ የሚያልፈው በእንጨት ሳይሆን ውኃ በማያስገባ ቱቦ ውስጥ ይሆናል። የውኃ ማስወጫው ቀዳዳም ብስባሹ የሚጀምርበት ስለሆነ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ መላው ሳንቃ፣ በተለይ ውኃ እንደ ስፖንጅ የሚመጠው የተቆረጠው ጠርዝ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በኢፖክሲ ይቀባል። ፀሐይ ኢፖክሲን ስለምትጎዳ ለፀሐይ የሚጋለጠው ክፍል በላዩ ቀለም ያስፈልገዋል። ኢፖክሲ ያልተገኘ እንደሆነ ጥሩ የዘይት ቀለም ወይም የውጭ ቫርኒሽ በተደጋጋሚ መቀባት ይቻላል። ይህ ግን ዕድሜው አጭር ስለሆነ በየዓመቱ መታደስ አለበት።

መግጠም

ሳንቃው ወደ ቦታው ሲመለስ በላሜራውና በእንጨቱ መካከል፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ ቡሎን ዙሪያ ማሸጊያ ይደረጋል። ለዚህ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይመረጣል። እንደ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ አሉሚኒየምን ያበላሻል።

ቡሎኖቹ የማይዝግ ብረት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ነሐስና መዳብ ግን መቅረት አለባቸው። ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ማድረግ ጫናውን ያከፋፍላል፤ እንጨቱ እንዳይሰምጥ ይከላከላል። የማዕዘን ደጋፊዎቹም በጥንቃቄ መመለስ አለባቸው። ሳንቃውን ከጀልባው ጎኖች ጋር የሚያስተሳስሩት እነርሱ ስለሆኑ፣ ደጋፊዎቹ ከላሉ አዲስ እንጨት ብቻውን ዋጋ የለውም።

ሞተሩ ሲመለስ በእጅ በሚጠብቁት ብሎኖች ብቻ መተማመን አይገባም። ማቀፊያው ቀዳዳ ካለው ሳንቃውን አልፎ በሚወጣ ቡሎን ይታሰር። በተጨማሪም ሞተሩን ከጀልባው ጋር የሚያገናኝ ሰንሰለት ወይም የሽቦ ገመድ ይደረግ። ይህ ትንሽ ወጪ ሞተሩ ቢነቀል እንኳ ወደ ጥልቁ እንዳይወርድ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ሙከራ በዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትና የሕይወት አድን ጃኬት ተለብሶ ይካሄዳል። ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቃሉ።

ከጥገናው በኋላ

የአዲሱ ሳንቃ ዕድሜ የሚወሰነው በዕለት ተዕለት አያያዝ ነው። ጀልባው ከሥራ ሲመለስ ከውኃ ወጥቶ፣ የፊቱ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ የማስወጫው ቡሽ ተነቅሎ ቢያድር ውኃው በሙሉ ይወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲያልቅ፣ ከላይ የተገለጸው የእጅና የመዶሻ ፍተሻ ይደረግ። አዲስ ቀዳዳ በየትኛውም ምክንያት ከተበሳ ሳይታሸግ አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም።

የጀልባ ጥገና የዓሣ ሀብቱን ከመጠበቅ ጋርም ይያያዛል። ሳንቃው ጠንካራ ሆነ ማለት የሞተሩን ጉልበት ማሳደግ ይቻላል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ጀልባ የሚችለው ልክ አለው። ሐይቁም የሚችለው ልክ አለው። የሞተር ጀልባ በጣና ከተስፋፋ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ የሐይቁ መለያ የሆኑት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መጠን በአውሮፓውያኑ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በ75 በመቶ መቀነሱ ተመዝግቧል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ዓሣዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች በሚሰባሰቡበት ጊዜ መረብ መጣሉ ነበር። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ሀብቱ ሳይመናመን ጥቅም እንዲሰጥ ለማድረግ ነው። ዓሣው በሚራባበት ወቅት መረብ መሰብሰብ ለሐይቁ ዕረፍት ይሰጣል፤ ለአስጋሪውም ጀልባውን ለመፈተሽና ለጥገናው የሚያስፈልገውን እንጨትና ቡሎን ለማዘጋጀት ጊዜ ይሆነዋል።

በጣና ዳርቻ የደንገል ታንኳ ባለቤቶች ከሥራ ሲመለሱ ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ያቆሙታል። ደንገሉ ውኃውን አንጠፍጥፎ ካልደረቀ እንደሚከብድና ቶሎ እንደሚበሰብስ ያውቃሉ። የአሉሚኒየም ጀልባ ከታንኳ ይልቅ ብዙ ዓመት ቢኖርም፣ ከላሜራው በስተጀርባ ያለው እንጨት የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ መድረቅ አለበት።